ባሾ ወደ ሰሜን ሲነሣ

ሰሜን ጃፓንን ለመጎብኘት ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ከሆቴሉና ከባቡር ትኬቱ በፊት አንድ የሞተ ሰው ያጋጥመዋል። ቶሆኩ ስለሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ክፍል የተጻፈ የትኛውንም የጉዞ መጽሐፍ ቢገልጡ፣ እዚህ አደረ፣ እዚህ ዝናብ ያዘው፣ እዚህ ተራራ ላይ ወጣ እየተባለ ስሙ ይነሣል። ሰውየው ማትሱዎ ባሾ ይባላል። ገጣሚ ነው፤ ከሞተ ከ330 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔና ባለቤቴ ከአንድ ወዳጅ ቤተሰብ ጋር ሆነን ወደዚያ ለመሄድ ማሰብ ከጀመርን ወዲህ፣ ማታ ማታ ከሥራ መልስ የባቡር ሰዓት ልፈልግ እቀመጥና የእሱን ታሪክ ሳገላብጥ ይመሻል። የሆቴሉ ነገር የት ደረሰ ስባል የምመልሰው ስለ ባሾ ሆኗል። ስለዚህ ያነበብኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ ብዬ ተነሣሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባሾ በ1644 ከኪዮቶ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ኢጋ በሚባል ተራራማ አገር፣ ኡዌኖ በምትባል ከተማ ተወለደ። ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ ጃፓን በ1630ዎቹ ፖርቱጋሎችን አስወጥታ፣ በናጋሳኪ በኩል ከሚነግዱት ከሆላንዶችና ከቻይናዎች በቀር በሯን ለውጭ ሰው ዘግታ ነበር። በነዚያው ዓመታት አፄ ፋሲልም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጥተዋል። ሁለቱ አገሮች አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቁ ተመሳሳይ ነገር ማድረጋቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ወደ ባሾ ልመለስ። አባቱ ከመሳፍንቱ በታች፣ ከተራው ገበሬ ትንሽ ከፍ ያለ ደረጃ የነበረው ሰው ነው፤ ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞተ። ባሾም የአገሩ ገዢዎች ከሆኑት ከቶዶ ቤተሰብ ገብቶ ዮሺታዳ የሚባለውን ወጣት ጌታ ማገልገል ጀመረ። ጌታና አሽከር በዕድሜ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር የሚበላለጡት፤ ሁለቱም ግጥም ይወድዱ ነበር፤ አብረው ተማሩ። በ1666 ግን ዮሺታዳ በሃያዎቹ አጋማሽ ሳለ በድንገት ሞተ። የባሾም የቤተ መሳፍንት ተስፋ አብሮት ተቀበረ።

ቀጥሎ ያሉትን ጥቂት ዓመታት ልለፋቸውና፣ በ1672 ኤዶ ገባ። ኤዶ ማለት የዛሬዋ ቶኪዮ ናት። ከየአውራጃው ሰው የሚጎርፍባት፣ ሥራ የሚፈለግባት፣ ወገን የሌለው የሚጠፋባት ከተማ ነበረች። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከአገሩ ይዞት የመጣው አንድ ያዘጋጀው የግጥም መድበልና የጥቂት ሰዎች አድራሻ ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜ ወደ ትልቅ የሰው ከተማ የገባ ሁሉ ይህችን ምዕራፍ ሳልተርክለትም ያውቃታል።

እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሙያዬ የውሃ ሥራ ምህንድስና ነው። ባሾ ከ1677 ጀምሮ አራት ዓመት ያህል በኤዶ የካንዳ ውሃ ሥራ ላይ መሥራቱ በመዝገብ ተገኝቷል! የካንዳ መስመር ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ከሚገኘው ከኢኖካሺራ ኩሬ ተነሥቶ፣ ያለ ምንም ፓምፕ፣ በመሬቱ ዝንባሌ ብቻ እየወረደ ከተማ ሲገባ ከመሬት በታች በድንጋይና በእንጨት ቦይ የሚከፋፈል ነበር። ሰው ከጉድጓድ መሳይ ማጠራቀሚያ በባልዲ ይቀዳዋል። እንዲህ ያለው መስመር ደለል ይይዛል፤ በየጊዜው መጠረግ አለበት፤ ጠራጊውን ማሰባሰብ፣ ውሃው የሚቋረጥበትን ቀን ለሕዝቡ ማስታወቅ አለ። ባሾ ከዚህ ከጠረጋው ሥራ ጋር ነበር የሚያያዘው። ስለ እሱ ከሚጻፉት መጻሕፍት ብዙዎቹ ይህን በአንድ መሥመር ያልፉታል፤ ለገጣሚ የማይመጥን መስሏቸው ይሆናል። እኔ አላምንም። ያ ሁሉ ስለ ወንዝና ስለ ዝናብ የጻፈ ሰው ደለል ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

በጎን ደግሞ ስሙ እየገነነ ሄደ። የዚያን ጊዜ የግጥም ሥራ ብቻን የሚሠራ አይደለም። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ በአሥራ ሰባት ቀለም የመጀመሪያዋን ስንኝ ይሰጣል፤ ቀጣዩ ይቀበላል፤ ሌላው ይጨምራል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ይዘልቃሉ። ከጊዜ በኋላ ያቺ የመጀመሪያዋ ስንኝ ለብቻዋ ቆማ ሃይኩ ተባለች። የእኛ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ብቻ ስንት ነገር እንደምትሸከም ለሚያውቅ ሰው፣ በአሥራ ሰባት ቀለም ምን ይባላል ብሎ አይጠይቅም። ባሾ ማኅበሩን እየመራ፣ የሀብታም ነጋዴዎችን ግጥም እያረመ ክፍያ የሚቀበል መምህር ሆነ። ኑሮው ተደላደለ።

ከዚያ በ1680 ሁሉንም ትቶ ከሱሚዳ ወንዝ ማዶ፣ ፉካጋዋ በሚባል ጭር ያለ ቦታ፣ በአንዲት ጎጆ ገባ። ምክንያቱን ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በማግስቱ ዓመት አንድ ደቀ መዝሙሩ ከደጃፉ የሙዝ ዓይነት ተክለለት። ያ ተክል በጃፓን ብርድ ለመብል የሚሆን ፍሬ አይሰጥም፤ ግንዱ ለማገርም ለማገዶም አይሆንም፤ ሰፋፊ ቅጠሉን ነፋስ ይተረትረዋል። እንሰት ያየ አገር ልጅ መልኩን ለመገመት አይቸገርም፤ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ልዩነቱ እንሰት ሰው ያኖራል፤ ይኸኛው ግን ምንም አይጠቅምም። ባሾ ማለት የዚህ ተክል ስም ነው። ሰውየው ወደደውና ስሙ አደረገው።

ጎጆዋ ግን አልከረመችም። በ1683 መጀመሪያ ኤዶን ካወደሙት ታላላቅ ቃጠሎዎች አንዱ በላት፤ እሱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተረፈ ይባላል። በዚያው ዓመት እናቱ ኢጋ ላይ ሞተች። አልደረሰም። አገሩ የገባው በማግስቱ፣ በ1684 መጸው ነው። ታላቅ ወንድሙ ሃንዛኤሞን ከክታብ ከረጢቱ አንድ ነገር አውጥቶ አሳየው፤ የእናታቸው ነጭ ጸጉር ነበር። ባሾ በጉዞ ማስታወሻው ይህን ጥቂት ቃላት ብቻ አድርጎ አልፎታል። ለቅሶ ያለፈበት ሰው ሁሉ፣ ከዓመት በኋላ በአውሮፕላን ሄዶ ከተዘጋጀ ድንኳን ሳይሆን ከባዶ ክፍል የገባ ሰው ሁሉ፣ ያንን የወንድሙን እጅ የሚያየው ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ባሾ ቤት ቁጭ ማለት አልሆነለትም። ተመላለሰ፤ ወደ ኪዮቶ፣ ወደ ናራ፣ ወደ ተራራ። ታላቁ የሰሜን ጉዞ የመጣው በ1689 ነው። በጎንደር አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠው በነበሩበት ዘመን መሆኑ ነው። ባሾ አርባ አምስት ዓመቱ ነበር። ሆዱን ያመዋል፤ ያ አሮጌ በሽታው እየተነሣ ያስቸግረዋል። የሚሄድበት አገር ደግሞ የኤዶ ሰው ከዓለም ጫፍ የሚቆጥረው ነው።

እንግዲህ እኔ ዕቅድ ስል አራት የኮምፒውተር መስኮት ከፍቼ ዋጋ ማወዳደር ነው። የእሱን ዕቅድ እስቲ እንይ። በመጀመሪያ ጎጆውን ሸጠ። የሚመለስበት ቤት እንዳይኖረው አደረገ ማለት ነው። ሳምፑ ከሚባል የዓሣ ነጋዴ ደቀ መዝሙሩ ቤት ተጠጋ። ሱሪውን ጣፈ፤ የባርኔጣውን ማሰሪያ ቀየረ፤ ጉልበቱ እንዲጠና የደረቀ ቅጠል እያጨሰ ተተኮሰ። መተኮስ የእኛ አገር መድኃኒት ብቻ የሚመስለው ካለ ይኸው። ቀደም ብሎ ሊነሣ ነበር፤ ሳምፑ የሰሜኑ ብርድ ገና አልለቀቀም ብሎ አዘገየው። አብሮት እንዲሄድ መጀመሪያ የታሰበው ሮትሱ የሚባል ለማኝ መነኩሴ ገጣሚ ነበር፤ ኋላ ሐሳቡ ተለወጠና ካዋይ ሶራ ተመረጠ።

ስለ ሶራ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጉዞ አንድ ሶራ ያስፈልገዋል። የቀድሞ ሳሙራይ ነው፤ የባሾ ጎረቤት ነበር፤ ውሃና እንጨት ያግዘው ነበር። ከመነሣታቸው በፊት ቁጭ ብሎ በጥንታዊ መዛግብት ያሉትን የሰሜን ቤተ መቅደሶችና በጥንት ግጥም ስማቸው የተጠራ ቦታዎችን በየመንገዱ ቅደም ተከተል ገለበጠ። በመንገድም ቀኑን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የሄዱበትን ርቀት፣ ያደሩበትን ሰው ስም በየዕለቱ መዘገበ። የእኔ ዓይነት ሰው ነው።

በጥንት ግጥም ስማቸው የተጠራ ያልኩት ነገር የጉዞው ቁልፍ ነው። ጃፓኖች ከባሾ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት በግጥም ሲያነሷቸው የኖሩ ቦታዎች አሏቸው፤ ገጣሚው ሄዶ ባያያቸውም ይጠራቸዋል። ባሾ ሊያይ የፈለገው እነሱን ነው፤ በተለይ ሳይግዮ የሚባለው ተጓዥ መነኩሴ ገጣሚ ከ500 ዓመት በፊት የረገጣቸውን። ዮሺትሱኔ የሚባለው ዝነኛ የጦር ሰው በሰሜን ከሞተም በዚያው ዓመት ልክ 500 ዓመት ይሆነው ነበር። ቦታ ብቻ ሳይሆን ዓመቱንም መርጦ ነው የሄደው።

በግንቦት 16 ቀን 1689 በጀልባ እስከ ሴንጁ ሸኙት። ሸክሙ ለብርድ የሚሆን የወረቀት ልብስ፣ የዝናብ ካባ፣ ቀለምና ብሩሽ ነበር፤ በዚያ ላይ የወዳጆች ስንብት ስጦታ። እምቢ ማለት አይቻልም፣ መጣል አይቻልም፤ መንገዱ ገና ሳይጀመር ትከሻውን አጎበጠው። የሃያ ሦስት ኪሎ ሻንጣ ይዞ ለእገሊት አድርስልኝ የተባለ ሰው ሁሉ ባሾን እዚህ ጋ ይወደዋል።

በኒኮ በኩል አልፈው ናሱ ላይ የመርዝ ጭስ የሚተፋበትን ድንጋይ አዩ፤ በዙሪያው ንብና ቢራቢሮ ሞተው ይረግፉ ነበር። ያ ድንጋይ በ2022 ለሁለት ተሰንጥቆ ተገኘና ጃፓን ውስጥ ጉድ ተባለ። ኩሮባኔ በምትባል ከተማ ሁለት ሳምንት ያህል ተቀመጡ፤ በሺራካዋ በኩል ወደ ሰሜኑ ምድር ገቡ። ኢዙካ ላይ ባሾ ክፉ ሌሊት አሳለፈ፤ የአፈር ወለል፣ የሚያፈስ ጣራ፣ ቁንጫና ትንኝ፣ በዚያ ላይ በሽታው ተነሣበት። ዛሬ ቦታው ኢዛካ የሚባል የፍል ውሃ ከተማ ነው፤ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሊዝናና ይሄድበታል። እኛም አንድ ሌሊት ይዘንለታል።

ሴንዳይ ሲደርሱ ካኤሞን የሚባል ሠዓሊ ከተማውን አስጎበኛቸውና ሲሰናበቱ የመንገዱን ሥዕል፣ ሰማያዊ ማሰሪያ ያላቸው የሣር ጫማዎችም ሰጣቸው። ከስጦታ ሁሉ ባሾ ያደነቀው ይህን ነው፤ ይለበሳላ!

ከሴንዳይ ወጣ ብላ ታጋጆ የምትባል ከተማ አለች። ቱሪስት ብዙ አይቆምባትም፤ እኔ ግን ግማሽ ቀን ጽፌላታለሁ። እዚያ በ762 የቆመ ጽሑፍ ያለው ድንጋይ አለ፤ በ724 በስፍራው ምሽግ መሠራቱን ይናገራል። ባሾ ፊቱ ቆሞ አለቀሰ። መንገድ ሲለወጥ፣ ወንዝ አልጋውን ሲቀይር፣ ተራራ ሲናድ፣ ይህ አንድ ነገር ቀርቶ ስላገኘው ነው። ከዘመናት በኋላ ምሁራን ድንጋዩ ሐሰተኛ ነው ብለው ብዙ ተከራከሩ፤ ኋላ ግን እውነተኛ መሆኑ ታመነበት፤ በ2024 የጃፓን ብሔራዊ ውድ ቅርስ ተባለ።

እዚያው አጠገብ ሱዌ ኖ ማትሱያማ የምትባል ጥድ ያለባት ትንሽ ኮረብታ አለች። በጥንት ግጥም ፍቅረኞች ሲማማሉ፣ ማዕበል ያችን ኮረብታ ቢሻገር እንጂ አልከዳሽም ዓይነት ነገር ይባባላሉ። የማይሆን ነገር ምሳሌ ናት። በ869 በዚያ ጠረፍ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ደርሶ ነበርና፣ ያ አባባል ተራ የፍቅር ወግ ሳይሆን ውሃው እስከየት እንደደረሰ ያየ ሰው ትዝታ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ባሾ በ1689 ሲደርስ በጥዶቹ መካከል መቃብር ሞልቶ አገኘ፤ የዚያ ሁሉ መሐላ መጨረሻ ይህ ነው ብሎ አዘነ። በመጋቢት 11 ቀን 2011 የመጣው ሱናሚ የታጋጆን ዝቅተኛ ሰፈር አጥለቀለቀው። ኮረብታዋን ግን አልተሻገረም። እኔ በሥራዬ የጎርፍ መጠን የምገምተው ከሃምሳና ከመቶ ዓመት መዝገብ ነው። ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ መለኪያ በግጥም ተቀምጦ ሲገኝ ምን እንደምል አላውቅም፤ ብቻ ሄጄ ላየው እፈልጋለሁ።

ማትሱሺማ በጥድ የተሸፈኑ ደሴቶች የተበተኑባት ባሕረ ሰላጤ ናት፤ ባሾ ከኤዶ ሳይነሣ ጀምሮ ጨረቃዋን ሲያልም ነበር። ደረሰ፤ አየ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን የራሱን ግጥም አላስገባላትም፤ የሶራን አስገባ። ቃል አጠረው ይባላል። ስሟን ብቻ እየደጋገመ የሚያደንቅ አንዲት ዝነኛ ግጥም በእሱ ስም ትሸጣለች፤ የእሱ አይደለችም። ደሴቶቹ በ2011 የማዕበሉን ጉልበት አብርደው ከተማዋን በመጠኑ ጠብቀዋታል። ጥቂት ወደ ሰሜን ያለችው ኢሺኖማኪ ግን ከ3,000 በላይ ሰው አጣች። ባሾም አልፎባታል። መርሐ ግብር ሳወጣ እዚህ ጋ እጄ ቆሞ ነበር፤ የመጎብኛ ቦታ ብሎ መጻፉ ከበደኝ። በመጨረሻ ባለቤቴ ናት ጻፈው ያለችኝ።

ሂራይዙሚ በምሥራቁ በኩል የጉዞው ሰሜናዊ ጫፍ ልትባል ትችላለች። በ1100ዎቹ የሰሜኑ ፉጂዋራ መሳፍንት መቶ ዓመት ያህል ከኪዮቶ የምትፎካከር ከተማ አቁመውባት ነበር፤ በ1189 ከካማኩራ የመጣ ጦር አጠፋቸው፤ ዮሺትሱኔም በዚያው ዓመት እዚያው ሞተ። ባሾ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ሲያይ ሣር ብቻ ነበር። በ1124 የተሠራው በወርቅ የተለበጠ አዳራሽ ግን ቀርቷል፤ በ1288 ከላዩ ሌላ ቤት ተሠርቶለት፣ ዕቃ በዕቃ ውስጥ እንደሚቀመጥ ሆኖ ከዝናብ ተርፎ ነበር። ዛሬም አለ፤ በ2011 ሂራይዙሚ ከዓለም ቅርሶች ተመዝግባለች።

ከዚያ ተራራውን ወደ ምዕራብ ማቋረጥ ነበረባቸው። በሺቶማዬ ኬላ ጠባቂዎቹ ተጠራጠሯቸው፤ መከራ አይተው አለፉ። ከማዶ ዝናብ ያዛቸውና በአንድ የድንበር ጠባቂ ቤት ቆዩ፤ ፈረስ ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር የሚያድርበት ቤት ነው፤ ባሾ ቁንጫውንም በራስጌው የሚሸናውን ፈረስም በግጥም አስገባቸው። ያ ቤት እስከ ዛሬ ቆሞ ይጎበኛል። ኦባናዛዋ ላይ ሰይፉ የሚባል ሀብታም ወዳጁ ለአሥር ቀን አስተናገደው። የሀብቱ ምንጭ ሱፍ ነበር፤ እኛ ፍሬውን ለጾም የምናደርገው ሱፍ። እነሱ ከአበባው ቀይ ቀለም ያወጡበታል፤ የኪዮቶ ሴቶች የከንፈር ቀለም ከዚያ ይመጣ ነበር።

እዚያ ነው ያማዴራን ሳታይ እንዳትሄድ ያሉት። በዕቅዱ አልነበረም፤ መንገድ አጥፎ ሄደ። በገደል ላይ የተሠራ ገዳም ነው፤ ዛሬ ከሺህ በላይ ደረጃ ተወጥቶ ይደረሳል፤ ከሴንዳይ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ባሾ እዚያ ስለ ጸጥታው የጻፈው ግጥም ከሁሉ ዝነኞቹ አንዱ ነው፤ በውስጡ ሲካዳ የሚባል፣ በሙቀት ወራት ዛፍ ላይ ተጣብቆ ያለ ዕረፍት የሚጮህ ነፍሳት አለ። በ1920ዎቹ ሁለት ጃፓናውያን ሊቃውንት የትኛው የሲካዳ ዓይነት ነው ብለው በጽሑፍ ተሟገቱ። ነገሩ የተቆረጠው ባሾ በደረሰበት በሐምሌ 13 ገደማ የሚጮኸው የትኛው እንደሆነ በቦታው ተጣርቶ ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ እወዳለሁ።

ከዚያ የሞጋሚ ወንዝ አለ። ባሾ በወንዙ ዳር ባስተናገደው ሰው ቤት በሰጣት ስንኝ የዝናብ ወራት ውሃ ያጠራቀመውን ወንዝ ቀዝቃዛ ብሎት ነበር፤ ለአስተናጋጅ የሚሰጥ ምስጋና ነው። በጀልባ ወርዶበት፣ ጎርፉን ቀምሶ፣ በመጽሐፉ ያቺን አንዲት ቃል ፈጣን በሚል ለወጣት። ከዚያ ሦስቱ ቅዱሳን ተራሮች፤ ሀጉሮ፣ ጋሳን፣ ዩዶኖ። ጋሳን 1,984 ሜትር ነው፤ በሐምሌ መጨረሻ በበረዶ ላይ እየተራመዱ ወጡት፣ ጫፉ ላይ አደሩ። ዩዶኖ ላይ የታየ አይነገርምና ባሾ ብዕሩን አስቀመጠ። ዛሬም እዚያ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው።

የእኛን ዕቅድ ያጣላን ጋሳንና ኪሳካታ ናቸው። ኪሳካታ በባሾ ጊዜ እንደ ማትሱሺማ ደሴቶች የሞሉባት፣ ከባሕሩ ጋር የምትገናኝ ጥልቀት የሌላት ውሃ ነበረች። እሱ ማትሱሺማን ፈገግታ፣ ኪሳካታን ኀዘን ያለባት ፊት አድርጎ አያቸው። በ1804 የመሬት መንቀጥቀጥ መጣና ወለሉ ከሁለት ሜትር በላይ ከፍ አለ፤ ውሃው ሄደ። ደሴቶቹ ዛሬ በሩዝ እርሻ መካከል የቆሙ ኮረብቶች ናቸው። በግንቦት ግን ገበሬዎች ለተከላ እርሻውን በውሃ ሲሞሉት ደሴቶቹ ለጥቂት ሳምንት ተመልሰው ደሴት ይሆናሉ። ይህን ለማየት በግንቦት መሄድ አለብን። በጋሳን ላይ ያለው ቤተ መቅደስ የሚከፈተው ደግሞ ከሐምሌ ወዲህ ነው። ባለቤቴ የቼሪ አበባ ካለች ነገሩ ወደ ሚያዝያ ይሳባል። ወዳጃችን ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻ ነው የሚችለው። ገና አልጨረስንም፤ የእኔ ድምፅ የግንቦት ነው።

ባሾ ከኪሳካታ ወዲህ በምዕራቡ ጠረፍ ወደ ደቡብ ወረደ። ሙቀትና ዝናብ ጎዱት። ካናዛዋ ሲደርስ ሊያገኘው የጓጓለት ወጣት ገጣሚ ከወራት በፊት መሞቱን ሰማ። ያማናካ ላይ ሶራ ሆዱን አሞት ቀድሞ ሄደ። ትሱሩጋ ላይ ያ መጀመሪያ የተተወው ሮትሱ መጥቶ ተቀበለውና አብረው ኦጋኪ ገቡ። ጠቅላላው 2,400 ኪሎ ሜትር፣ 150 ቀን ያህል ነው። ከዚህ ፍጥነት ተነሥተው፣ የኢጋ ሰው ስለሆነም፣ ባሾ ሰላይ ነበር የሚሉ አሉ። ሒሳቡን ሠራሁት፤ በአማካይ በቀን 16 ኪሎ ሜትር ነው። ያረፈባቸው ብዙ ቀናት ሲቀነሱ የመንገድ ቀኑ 30ና 40 ቢሆንም፣ አንዳንዴም በፈረስ ይሄዱ ነበር። ገበያ ውሎ የሚገባ የአገራችን ገበሬ ይህን ሰምቶ ሰላይ አይልም።

ጉዞው አለቀ፤ መጽሐፉ ግን ገና ነበር። ባሾ «ኦኩ ኖ ሆሶሚቺ»ን፣ ማለትም ወደ ሩቁ ምድር የሚወስደውን ቀጭን መንገድ፣ እስከ 1694 ድረስ ሲጽፍና ሲያርም ቆየ። በ1996 ይፋ የሆነ አንድ የእጅ ጽሑፍ በብዙ ቦታ ወረቀት እየተለጠፈበት የታረመ ነው። መጽሐፉ ግን ቁመቱ አጭር ነው፤ በአንድ ምሽት ይነበባል።

በ1943 የሶራ ማስታወሻ ታተመና ሰው ደነገጠ። ሁለቱ አይስማሙም። ባሾ መንገድ ጠፍቶን በድንገት ኢሺኖማኪ ገባን፣ ማደሪያም የሚሰጠን አጣን ይላል፤ በሶራ ማስታወሻ መንገድ መጥፋት የለም፤ ውሃ ጠምቷቸው የረዳቸው መንገደኛ አለ፣ ማደሪያም አግኝተዋል። ሂራይዙሚ ላይ ባሾ ሁለቱም አዳራሽ ተከፍቶ እንዳየ ይጽፋል፤ ሶራ ከሁለቱ የአንዱ ጠባቂ ስላልነበረ ሳያዩት እንደቀሩ መዝግቧል። የጠረፍ ማደሪያ ላይ ያገኟቸው ሁለት ሴተኛ አዳሪዎች በሶራ ዘንድ የሉም። የሚነሡበት ቀን እንኳ ይለያያል። አንዳንዶች ባሾ ዋሸ አሉ። በእኔ ሚዛን ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሶራን የማምነው የት እንደነበሩ ነው፤ ባሾን የማምነው ለምን እንደሄዱ። ዕቅዴን የምሠራው በሶራ ነው፤ ቦርሳዬ ውስጥ የምይዘው ግን ባሾን ነው።

በ1694 የተጣራው ቅጂ በአንድ የእጅ ጽሑፍ አዋቂ ተጽፎ አለቀ። ባሾ ይዞት ወደ አገሩ ወደ ኢጋ ሄደና ለወንድሙ ለሃንዛኤሞን ሰጠው። በመጸው የተጣሉ ሁለት ደቀ መዛሙርቱን ሊያስታርቅ ኦሳካ ወረደ። እዚያ ሆዱ ተነሣበት። አንድ የአበባ ነጋዴ ያከራየው የጓሮ ክፍል ውስጥ ተኛ፤ ደቀ መዛሙርቱ ከየአቅጣጫው መጡ። ለሌሎቹ ኑዛዜውን በሌላ እጅ ሲያስጽፍ፣ ለወንድሙ ግን በራሱ እጅ ጻፈ፤ ታናሽ ሆኖ ሳለ ቀድሞት በመሄዱ ይቅርታ ጠየቀው። በኅዳር 28 ቀን ሞተ፤ ሃምሳ ዓመቱ ነበር። ሬሳውን በዚያው ሌሊት በጀልባ የዮዶን ወንዝ ሽቅብ አውጥተው በኦትሱ፣ ከቢዋ ሐይቅ አጠገብ ባለች ትንሽ ገዳም ቀበሩት፤ እንዲቀበርባት የመረጣት ራሱ ነው። ሶራ ለቀብሩ አልደረሰም። መጽሐፉ በኑዛዜው መሠረት ኪዮራይ ወደሚባል ደቀ መዝሙሩ ተላለፈ፤ የታተመውም በ1702 ነው። ወደ ኪዮራይ እስኪተላለፍ ድረስ ከወንድሙ ዘንድ ኢጋ ነበር።